አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ «ቁጥር ያነገሣቸው» ለተሰኘው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከደሴ ፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ፣ ቅርጫት ኳስ የሚከታተል ሰው ሁሉ በቴሌግራም ሲቀባበለው የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «ቁጥር ያነገሣቸው» ይላል። ለእኔ ብቻ ከአምስት ሰው ደርሶኛል፤ ሁለቱ ከሥሩ «ይኸው፣ ስንልህ አልነበር?» ብለው ጨምረውበታል። ለምን እንደላኩልኝ ይገባኛል። ጨዋታ አይቼ ሳበቃ የነጥብ ሰንጠረዡን ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ጨዋታውን ከልባቸው እንደሚወዱም ያስታውቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የኤንቢኤ (የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ) ስታቲስቲክስ አንዳንድ ተጫዋቾችን ከልካቸው በላይ አግዝፏቸዋል ይላሉ። ዋናው ተከሳሽ ረስል ዌስትብሩክ ነው፤ ትሪፕል ደብሉ (በአንድ ጨዋታ በሦስት መለኪያ አሥርና ከዚያ በላይ ማስመዝገቡ) ባዶ ነው ባይ ናቸው። አለን አይቨርሰንን የመሰሉት ደግሞ ብዙ ስለወረወሩ ብቻ ብዙ ያስቆጠሩ ናቸው። ዊልት ቻምበርሌይንን ጠቅሰው የድሮው ቁጥር ቀልድ እንደሆነ፣ ዴኒስ ሮድማንንና ድሬይመንድ ግሪንን ጠቅሰው ደግሞ ቁጥር መከላከልን እንደማያይ ያስረዳሉ። ኒኮላ ዮኪችን «የኮምፒውተር ኮከብ» ብለውታል። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል፦ ደብተሩን ዝጉ፣ ዓይናችሁን እመኑ፣ መቁጠር ካማራችሁ ዋንጫ ለወሰደ የሚሰጠውን የሻምፒዮና ቀለበት ቁጠሩ። ሲሰናበቱም «ቁጥር የሚያበዛ ሰው ኳስ ነክቶ አያውቅም» የምትል መርፌ ወግተው ሄደዋል። እሷን መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ። የውድድር ዓመቶቹን የምጠቅሰው እሳቸው እንዳደረጉት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ከዌስትብሩክ ልጀምር፤ የጽሑፉ ግማሽ እሱ ነውና። በ2016-17 የውድድር ዘመን በአማካይ 31.6 ነጥብ፣ 10.7 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) እና 10.4 አሲስት (ጓደኛ እንዲያስቆጥር ማቀበል) አስመዘገበ። 42 ጊዜ ትሪፕል ደብል ሠርቶ ኦስካር ሮበርትሰን በ1961-62 ያስመዘገበውን 41 አለፈ። ኤምቪፒም (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች) ተባለ። ጸሐፊው ይህ ሁሉ ለታይታ ነው ይላሉ፤ ማስረጃቸውም ሦስት ነው። ከወረወረው ያስገባው 42.5 ከመቶ ብቻ ነው፤ በየጨዋታው ከአምስት በላይ ኳስ ያባክናል፤ ረጃጅሞቹ ጓደኞቹ ተጋጣሚን በጀርባቸው እየገፉ ሪባውንዱን ይለቁለታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅ። 42.5 ከመቶ ምንድን ነው? ከአምስት በላይ የባከነ ኳስስ? ጸሐፊው ዌስትብሩክን ከዙፋን ያወረዱት በዓይናቸው አይደለም፤ በሌላ ቁጥር ነው። ያነገሠው ቁጥር ከሆነ የሻረውም ቁጥር ነው። ሦስት አኃዝ ነጥለን «ትሪፕል ደብል» የሚል ስም አውጥተን ያጨበጨብነው እኛ ነን፤ ዱላው ግን ያረፈው ደብተሩ ላይ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

ማስረጃዎቹን ደግሞ ቀረብ ብለን እንያቸው። 42.5 ከመቶ የሚለው መለኪያ ባለ ሁለት ነጥቡንም ባለ ሦስቱንም እኩል ይቆጥራል፤ የቅጣት ምትን ጭራሽ አያይም። ሁሉንም አንድ ላይ የሚመዝን ስሌት አለ። የወረወረውን ኳስ ብዛት ትወስዳለህ፤ የቅጣት ምቱን በ0.44 አባዝተህ ትደምርበታለህ፤ ድምሩን እጥፍ አድርገህ ያስቆጠረውን ነጥብ በእሱ ታካፍላለህ። በዚህ ሲሰላ ዌስትብሩክ በዚያ ዓመት 55 ከመቶ አካባቢ ነው፤ ከሊጉ አማካይ ጋር ጎን ለጎን ማለት ነው። ድንቅ አይደለም። ነገር ግን የቡድን ጓደኛው ኬቨን ዱራንት በ2016 ወደ ጎልደን ስቴት ሲሄድበት የቡድኑን ጥቃት ብቻውን የተሸከመ ሰው ነው። ያን ሁሉ ጭኖ አማካዩ ላይ መቆየትን ባዶ ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። የባከኑት ኳሶችም ያው ናቸው፤ እንስራ የሚሰበረው ውኃ ልትቀዳ በወረደችው ጀርባ ላይ እንጂ ቤት በዋለችው አይደለም።

ሪባውንዱ ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው። ረጅሙ ጓደኛው ስቲቨን አዳምስ ተጋጣሚውን በጀርባው ይዞ ኳሷን ለዌስትብሩክ ሲተውለት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ግን ለምን ብለን እንጠይቅ። ረጅሙ ሰው ኳስ ሲይዝ ዞሮ አቀባይ ይፈልጋል፤ ተጋጣሚም እስከዚያ ወደ ኋላ ይመለሳል። ዌስትብሩክ ራሱ ሲይዛት ግን በዚያው እግሩ ይሮጣል። ውጤቱም ተመዝግቧል። እሱ ትሪፕል ደብል በሠራባቸው 42 ጨዋታዎች ኦክላሆማ 33 አሸንፎ 9 ተሸነፈ፤ በቀሩት 40 ደግሞ 14 አሸንፎ 26 ተሸነፈ። ይህችን ቁጥር ራሴም በጥንቃቄ ነው የምይዛት። ቡድን በሚያሸንፍበት ቀን ጓደኞችህ ያቀበልካቸውን ያስገቡልሃል፣ አሲስትህም ይበዛል፤ ስለዚህ ድሉ ትሪፕል ደብሉን ወልዶት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ለራሱ ስም ብሎ ቡድኑን የሚጎዳ ተጫዋች ከሆነ ሰንጠረዡ እንዲህ ሊመስል አይችልም።

በዚያው ዓመት በፕሌይ ኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚደረገው የጥሎ ማለፍ ዙር) በሂውስተን 4 ለ 1 ተሸንፈው ወጡ። ጸሐፊው ይህን እንደ መጨረሻ ምስማር መትተውታል። አምስተኛውን ጨዋታ ግን ይመልከቱልኝ። ኦክላሆማ 105 ለ 99 ተሸነፈ። ዌስትብሩክ ሜዳ ላይ በነበረባቸው 42 ደቂቃዎች ቡድኑ በ12 ነጥብ ይበልጥ ነበር፤ ትንፋሽ ለመውሰድ በተቀመጠባቸው ስድስት ደቂቃዎች በ18 ተበለጠ። በስድስት ደቂቃ! ያን ሌሊት ጨዋታውን ያየ ዓይን የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ የሳታቸውን ውርወራዎች ነው። የኔም ዓይን ያስታወሰው እሱን ነበር።

በእርግጥ ዌስትብሩክ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ከደረሰ በኋላ፣ 33 አሸንፈው 49 በተሸነፉበት በ2021-22፣ «ባለ ትሪፕል ደብሉ» እያሉ የሙጥኝ ያሉ ነበሩ። እነሱን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ወደ አይቨርሰን ስመጣ ክርክሬ ይለሰልሳል። በ2000-01 በአማካይ 31.1 ነጥብ አስቆጥሮ ኤምቪፒ ሆነ፤ ያስገባው ግን 42 ከመቶ ነበር። የነጥብ አማካይ ብቻውን ሰው ያገዝፋል የሚለውን እቀበላለሁ፤ እዚህ አገር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አሜሪካ መሄድ አያስፈልገውም። ቦርከና ዳር ሁለት ገበሬዎች አሉ እንበል። አንዱ 16 ኩንታል ጤፍ አስገባ፣ ሌላው 11። ማን ጎበዝ ነው? ሰኞ ገበያ የተቀመጠ ሽማግሌ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከስንት ጥማድ?» ብሎ ነው። ባለ 16ቱ ከአራት ጥማድ፣ ባለ 11ዱ ከሁለት ከሆነ ወሬው ተገለበጠ። እንግዲህ ሽማግሌው ኩንታል መቁጠር ይቅር አላለም። ሌላ ቁጥር ጨመረ እንጂ።

ደግሞ የኛ የቁጥር ወዳጆች የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጥማዱን አግኝተን መሬቱ ጭንጫ ይሁን ለም መጠየቅ እንረሳለን። ያኔ የአይቨርሰን ፊላደልፊያ በመከላከል የተሠራ ቡድን ነበር፤ ከእሱ ሌላ ለራሱ ዕድል ፈጥሮ የሚያስቆጥር ሰው አልነበረውም ማለት ይቻላል። የ24 ሰከንዱ ሰዓት ሊያልቅ ሲል ኳሷ ወደ ማን ትሄዳለች? ወደ አጭሩ ልጅ። ያቺ ክፉ ውርወራ በእሱ ስም ትመዘገባለች። ሌከርስ በዚያ ፕሌይ ኦፍ ከ16 ጨዋታ የተሸነፈው አንዱን ብቻ ነበር፤ እሱም አይቨርሰን 48 ያስቆጠረበት የፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ነው። እንግዲህ አይቨርሰን ገዝፏል ወይስ አልገዘፈም? እኔ በመጠኑ ገዝፏል እላለሁ። ጸሐፊው ያሉትን ያህል ግን አይደለም።

ቻምበርሌይን ላይ ጸሐፊው ጥሩ ጨዋታ ተጫውተዋል። በ1961-62 በአማካይ 50.4 ነጥብና 25.7 ሪባውንድ አስመዘገበ፤ ማርች 2 ቀን 1962 ደግሞ በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ። ሆኖም የዓመቱ ኤምቪፒ 18.9 ነጥብ የነበረው ቢል ረስል ሆነ። ያኔ ድምፅ የሚሰጡት ራሳቸው ተጫዋቾቹ ነበሩ፤ የረስል ቡድን ቦስተንም ዋንጫውን ወሰደ። «አያችሁ፣ ሜዳ ላይ ያሉት በቁጥር አልተታለሉም» ይላሉ ጸሐፊው። ይህቺ ነጥብ የእሳቸው ናት።

ግን ግማሹን ታሪክ ትተውታል። በዚያ ዘመን አንድ ቡድን በጨዋታ ከ100 በላይ ጊዜ ይወረውር ነበር፤ ዛሬ 90 ገደማ ነው። ቻምበርሌይን ደግሞ በአማካይ 48.5 ደቂቃ ተጫውቷል፤ መደበኛው ጨዋታ 48 ደቂቃ ሆኖ ሳለ፣ ጭማሪ ሰዓቱን ሁሉ ቆሞ ጨርሷል ማለት ነው። ብዙ ውርወራ ባለበት ብዙ የሚመለስ ኳስ አለ፤ ይህን ደግሞ የነገረን ቁጥር ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ረስል የሚታወቀው ኳስ በማገድ ነበር። ኤንቢኤ የታገዱና የተነጠቁ ኳሶችን መመዝገብ የጀመረው በ1973-74 ነው፤ ረስል በ13 ዓመት 11 ዋንጫ ይዞ ጫማውን ከሰቀለ ከዓመታት በኋላ። የረስል ዋና ሥራ በመዝገብ ላይ ያልታየው ሰዎች ስለቆጠሩ ሳይሆን ስላልቆጠሩ ነው። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «መቁጠር ይቅር» ሲሉ መንገዱን ወደ ኋላ ነው የተጓዙት።

«ቁጥር መከላከልን አያይም» የሚለውም በዚሁ ይመለሳል። ሮድማን መጥፎ ምሳሌ ነው። በሕይወት ዘመኑ በአማካይ 7.3 ነጥብ ብቻ ያስቆጠረን ሰው ዓለም ያወቀው ሰባት ዓመት በተከታታይ የሪባውንድ መሪ ስለነበር አይደለም? (ፀጉሩን ሳንረሳ።) ግሪን ይሻላል፤ በእርግጥም የተለመደው ሰንጠረዥ ይበድለዋል። ነገር ግን ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ባለበት ጊዜ ቡድኑ በስንት እንደበለጠ ወይም እንደተበለጠ የሚለካው ፕላስ ማይነስ አይበድለውም፤ በ2015-16 በዚያ መለኪያ ሊጉን የመራው እሱ ነበር። በፌብሩዋሪ 2017 ከሜምፊስ ጋር 4 ነጥብ ብቻ አስቆጥሮ 11 ሪባውንድ፣ 10 አሲስትና 10 የተነጠቀ ኳስ አስመዝግቧል። ነጥብ ሳይኖርበት የተሠራ የመጀመሪያው ትሪፕል ደብል ነው።

«ዓይናችሁን እመኑ» ለሚለው ግን የራሴን ላውራ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ የተማሪዎች ቡድን አሠለጥን ነበር። ሜዳው የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ነው፤ ክረምት ሲገባ ከጦሳ የሚወርደው ጉም ቀለበቱን ይሸፍነውና ኳሷ ስትገባ በድምፅ ነው የምናውቀው። ከልጆቹ አንዱ ፈጣን ነበር፤ ኳስ በጀርባው ያዞራል፣ እየበረረ ያስገባል፣ ሴቱም ወንዱም በስሙ ይጮኻል። እኔም ቢሆን ቡድኑ እሱ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። ሌላው ዝምተኛ ልጅ ነበር። በጨዋታ አራት ነጥብ ካስቆጠረ ትልቅ ነገር ነው፤ ሁልጊዜ ቀድሜ የማስወጣው እሱን ነበር። አንድ ተጠባባቂ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት ተቀምጦ ስለነበር ሥራ ላለማስፈታት ብዬ 50 ሉክ ደብተር ሰጠሁት፦ ሰው በቀየርኩ ቁጥር ውጤቱን ጻፍ አልኩት።

ከዘጠኝ ጨዋታ በኋላ ደብተሩን ወደ ኮምቦልቻ ይዤ ወርጄ ማታ ደመርኩት። ዝምተኛው ልጅ ሜዳ ላይ በነበረበት ሰዓት ከሁለት ጨዋታ በቀር በሁሉም እንበልጥ ነበር። እሱን ባስወጣሁ ቁጥር ደግሞ ፈጣኑ ልጅ ሜዳ ላይ እያለም ይመሩን ነበር። የተሳሳትኩ መስሎኝ ሁለተኛ ደመርኩት። በሚቀጥለው ጨዋታ እሱን ብቻ ተከታተልኩ። ያኔ ታየኝ፤ ተጋጣሚ ሊያቀብል ያሰበበት መስመር ላይ ቀድሞ ይቆማል። ኳሷ አትመጣም፣ እሱም አይነካትም፣ ሰውም አያጨበጭብም። ዘጠኝ ጨዋታ ትንሽ ነው፤ የተማሪ ደብተርም ስሕተት አያጣውም። ግን ወዴት ልይ እንደሚገባኝ ለዓይኔ የነገረው ያ ደብተር ነው።

ዮኪችም እንደዚያ ልጅ ነው። በ2014ቱ ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት) 41ኛ ሆኖ ሲመረጥ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ማስታወቂያ እያስተላለፈ ነበር። ለምን 41ኛ? ዓይን ያየው ወፍራም፣ ዘገምተኛ፣ የማይዘል ልጅ ስለነበር ነው። ጸሐፊው በ2021ና በ2022 ኤምቪፒ ያደረገው ኮምፒውተር ነው ይላሉ። ይሁን። ከዚያ በ2023 ዴንቨርን ለዋንጫ አበቃ፤ በዚያ ፕሌይ ኦፍ በጠቅላላ ነጥብም፣ በሪባውንድም፣ በአሲስትም ከሁሉም በላይ ሆኖ ጨረሰ፤ ከእሱ በፊት ይህን ያደረገ የለም። ኮምፒውተሩ ከዓይን ሁለት ዓመት ቀድሞ ነበር።

ስለ ዓይን ካነሣን አይቀር የ2025ቱን የኢንዲያናውን የታይሪስ ሃሊበርተንን ነገር ጸሐፊው ማለፋቸው ገርሞኛል። በሚያዝያ ወር ዘ አትሌቲክ የተባለው የስፖርት ድረ ገጽ ስማቸውን ሳይገልጽ ተጫዋቾችን «ከልኩ በላይ የተጋነነው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ቀዳሚው ሃሊበርተን ሆነ። ከመለሱት 90 ተጫዋቾች 13ቱ ናቸው የመረጡት፤ 77ቱ ሌላ ስም ጠርተዋል። ወሬው ግን «ተጫዋቾች ተስማሙ» ሆነ፤ ቁጥርን አጣሞ ማንበብ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት ልጁ በአማካይ 18.6 ነጥብና 9.2 አሲስት ነበረው፤ ያባከነው ኳስ 1.6 ብቻ ነው። ነጥቡ አያስደንቅም። አሥር ያህል እያቀበለ ሁለት እንኳ የማያባክን ሰው ግን ብርቅ ነው፤ ያን ያየ ሰው እሱን ባልመረጠው ነበር።

በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 28 ለ29 አጥቢያ፣ የፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ጀመረ። ኮምቦልቻ ውስጥ አራት ሆነን በአንድ ስልክ ነበር የምናየው። የሱብሒ አዛን ሲሰማ ኦክላሆማ እየመራ ነበር፤ ሁለቱ ጓደኞቼ «አለቀ» ብለው ወጡ። ሊነጋጋ ሲል 0.3 ሰከንድ ሲቀረው ሃሊበርተን አስገባ፤ ኢንዲያና 111 ለ 110። በጨዋታው ሙሉ ኢንዲያና የመራው ያኔ ብቻ ነው። በአምስተኛው ጨዋታ ደግሞ ይኸው ልጅ አንድም የሜዳ ውርወራ ሳያስገባ በ4 ነጥብ ወጥቷል፤ እሱን መደበቅ አልፈልግም። ዋንጫውንም በሰባተኛው ጨዋታ አጥተውታል፣ እሱም የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ። ግን ሊጉ ውስጥ ያሉ የተጫዋቾች ዓይን እንዲህ ከሳተ፣ ሊነጋጋ ሲል በተሰነጠቀ ስልክ የሚያይ የእኔ ዓይን ምን ሊሆን ነው?

ቀለበቱ ብዙ አያቆየኝም። ሮበርት ሆሪ ሰባት አለው፤ ቻርልስ ባርክሊ፣ ካርል ማሎንና ጆን ስቶክተን አንድም የላቸውም። ሆሪ ከባርክሊ ይበልጣል የሚል ካለ ይምጣና እንከራከር። ደግሞ ቀለበት መቁጠርም እኮ መቁጠር ነው፤ ያውም አምስት ሰው በአንድ ጊዜ የሚጫወተውን ጨዋታ ለአንድ ሰው የሚያስረክብ፣ ጥማዱን ያልጠየቀ ቆጠራ።

የቀረችው መርፌዋ ናት፤ ቁጥር የሚያበዛ ኳስ ነክቶ አያውቅም ያሏት። የግራ ጉልበቴ ምስክሬ ነው። እሱ ካላሳመናቸው ጸሐፊው አንድ ቅዳሜ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ይምጡልኝ፤ ካልተመቻቸው እኔ ሽቅብ እወጣለሁ። አንድ ለአንድ፣ እስከ 11 ነጥብ። ዳኛ አንፈልግም፣ እንተማመናለን። ነጥብ የሚይዝ ሰው ግን ከወዲሁ እንፈልግ።